ቅቤው ሳይደርስ የወጣው ብር

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲባል ሰው ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። እኔ ግን «ስንት ቀን ይፈጅበታል? እስኪሄድ ድረስስ ማን ይቀልበዋል?» እያልኩ ነው ሃያ ዘጠኝ ዓመት እንጀራዬን የበላሁት። ባለፈው ሰኔ ጡረታ ወጣሁ። የሮቤ ቢሮ ባልደረቦቼ ጋቢ አልብሰው፣ ኬክ አስቆርሰው ሸኙኝ። በሰጡኝ የምስጋና ወረቀት ላይ «ለረጅም ዘመን በብድር ባለሙያነት ላገለገሉት» ይላል። ስህተት የለውም፤ ደመወዝ የሚከፈለኝ ለእሱ ነበር። ዳሩ ግን ከዚያ ሁሉ ዘመን ቁጭ ብዬ የማስታውሰው ያበደርኳቸውን ሰዎች አይደለም፤ አንበደርም ብለው የመለሱኝን ነው።

አሁን ብድር የሚወስነው ስልክ ሆኗል። ሰውዬው ጥቂት ቁጥሮች ይነካል፣ ስልኩ «ይገባዎታል» ወይም «አይገባዎትም» ይለዋል፣ አለቀ። አልከፋኝም፤ ከእኛ ይፈጥናል፣ በሥራ ሰዓትም ሻይ ለመጠጣት አይወጣም። አንድ ጥያቄ ግን አይጠይቅም፦ የማንንም ብር ሳትነካ፣ በራስህ ገንዘብ ብቻ፣ ንግድህ በዓመት ስንት ሊያድግ ይችላል? ይህን ጥያቄ ከማን እንደተማርኩት፣ ከዚያም በአንዲት ሴት ላይ እንዴት እንዳበላሸሁት ልጽፍ ነው የተቀመጥኩት።

ሥራ የጀመርኩት ጊኒር ነው። የብድር ተቋማችን ቅርንጫፍ ከከብት ገበያው አጠገብ ስለነበር፣ ገበያ ቀን ከደንበኛው ይልቅ በሬው ነበር ቀድሞ በራችን የሚደርሰው። አለቃችን ደግ ሰው ነበሩ፤ ግን ሠራተኛን የሚመዝኑት በወር ባበደረው ሰው ቁጥር ነው። «ታደለች፣ የአንቺ ስንት ደረሰ?» ይሉኛል ጠዋት ጠዋት። እኔም የፈለገውንም ያልፈለገውንም እየተከተልኩ ብድር አሸክም ነበር። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የተባለው እኛን አይቶ ሳይሆን አይቀርም። የጊኒር ነጋዴዎች ግን በቀላሉ የሚያዙ አልነበሩም። አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ ወለድ ሐራም ነው፣ በቃ ሐራም ነው። አንድ የበግ ነጋዴ «እህቴ፣ ወለዱን ቤትሽ አስቀምጪውና ብሩን ብቻ ይዘሽልኝ ነይ» ብሎ ገበያውን በሙሉ አሳቀብኝ። ከወለድ ነፃ የሚባለው አገልግሎት ያኔ እኛ ዘንድ አልነበረም። በሦስተኛው ዓመት ወደ ተወለድኩበት ጎባ ሲያዛውሩኝ ደስ ያለኝ ለእናቴ ብዬ ብቻ አይደለም፤ ከጊኒሮች ምላስ በማምለጤም ነው።

ጎባ ላይ ግን ሐጂ ቃሲም ጠበቁኝ። ሐጂ ቃሲም የጨው ጅምላ ነጋዴ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ በበጋም በክረምትም በኮት ላይ ኮት የሚደርቡ ሽማግሌ። መጋዘናቸው ድረስ ሄጄ ብድር ልስጥዎት አልኳቸው።

«ለምን?» አሉኝ።

«እንዲያድጉ ነዋ።»

«አሁን እያደግኩ አይደለም ያለሽ ማነው?»

እሳቸውም አላሾፉብኝም፤ ተነሥተው የመጋዘኑን የእንጨት ምሰሶዎች አሳዩኝ። በየምሰሶው ላይ በከሰል የተሰመሩ መስመሮች አሉ። አንድ ጭነት ጨው የተገዛ ዕለት አንድ ረጅም መስመር ያሰምራሉ፤ ከዚያ በየማለዳው መጋዘኑን ሲከፍቱ አንድ አጭር መስመር ይጨምራሉ። የዚያ ጭነት የመጨረሻዋ ብር እጃቸው የገባች ዕለት መስመሮቹን ሁለት ጊዜ ቆጥረው በእርጥብ ጨርቅ ያጠፏቸዋል።

«ገንዘቤ ስንት ሌሊት ውጭ እንዳደረ ማወቅ አለብኝ» አሉኝ። «ልጅሽ ውጭ ቢያድር አትቆጥሪም? ሲመለስ ደግሞ ምን ይዞ እንደመጣ አያለሁ። እነዚህን ሁለቱን ካወቅኩ፣ በሚቀጥለው ዓመት ስንት ጭነት መጨመር እንደምችል የማንም ምክር አያስፈልገኝም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስወጣ በመጋዘናቸው በኩል ማለፍ ልማዴ ሆነ። ሰውየው ለማየት ደስ ይሉ ነበር። ኮት በኮት ላይ የሚደርቡት ለብርዱ ብቻ እንዳልሆነ ያወቅኩት ከብዙ ወር በኋላ ነው። የውጭኛው ኮት ኪስ የቤት ወጪ ነው፤ የውስጠኛው የጨው ነው። የውጭኛው ኪስ ባዶ የሆነ ዕለት፣ እንግዳ ቢመጣ እንኳ፣ እጃቸው ወደ ውስጠኛው አይገባም። አንድ ጊዜ ሥጋ ቤት በር ላይ ቆመው የውጭኛውን ኪስ ሲዳብሱ፣ ከዚያም በእርጋታ ጎመን ወደሚሸጥበት ሲሻገሩ አይቻለሁ። ሌላም ልማድ ነበራቸው፤ ዕቃ በዱቤ የሚወስድ ደንበኛ ካለ በዓመት አንድ ጊዜ ቤቱ ድረስ ይሄዳሉ። ገንዘብ ሊጠይቁ አይደለም። ይቀመጣሉ፣ ወተት ይጠጣሉ፣ ከብቱን ያያሉ፣ ይመለሳሉ። «ብሩ የገባበትን ደጃፍ ሳታዪ ስንት ሌሊት እንደሚያድር ልታውቂ አትችዪም» ይሉኝ ነበር።

እኔ የጨመርኩት ብዙ አይደለም። እሳቸው በከሰል ያደረጉትን በእርሳስ አደረግኩት። የመቶ ብር ሽያጭ እወስዳለሁ። ከመቶው ለዕቃ የወጣው ስንት ነው? እሱ ሙሉውን ጊዜ ውጭ ያድራል። ለሠራተኛ፣ ለማገዶ፣ ለመጓጓዣ የወጣውስ? እሱ ጥቂት በጥቂት ስለሚወጣ በአማካይ የጊዜውን ግማሽ ነው ውጭ የሚያድረው፤ ስለዚህ ግማሹን ብቻ እቆጥራለሁ። ይህችን ግማሽ ለማግኘት ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል፤ ያገኘኋት ዕለት ቢሮ ውስጥ ብቻዬን አጨብጭቤያለሁ። ከዚያ ለቤት፣ ለግብር፣ ለዘካ ወጥቶ የሚተርፈውን ውጭ ካደረው ጋር አስተያያለሁ። ስምንት ብር ውጭ አድሮ አንድ ብር ጨምሮ ከተመለሰ፣ ንግዱ በአንድ ዙር በአንድ ስምንተኛ ማደግ ይችላል። ዙሩ በዓመት ስንት ጊዜ ይመላለሳል? በዚያ ማባዛት ነው። ከዚያ በላይ ልደግ ያለ የሰው ገንዘብ ያስፈልገዋል ወይም ንብረቱን ይሸጣል። ከዚያ በታች ያደገ ደግሞ የተኛ ገንዘብ አለው።

ይህን ካወቅኩ በኋላ ዕረፍት አጣሁ። ያገኘሁትን ሰው ሁሉ «ጉያ ሜቃ?» ማለት ሆነ ሥራዬ፤ በኦሮምኛ «ስንት ቀን?» ማለት ነው። ጎባና ሮቤ ላይ የወጣልኝ ስምም እሱው ነው። የጊኒሩ የበግ ነጋዴ ብሩ ውጭ የሚያድረው አምስት ሌሊት ብቻ እንደሆነ ሳውቅ ያን ቀን ለምን እንደሳቀብኝ ገባኝ፤ የእኔ ብድር ምን ያደርግለታል? ከሃረና የጫካ ቡና የሚሰበስብ ሰው ግን ብሩ የሚመለስለት በዓመት አንዴ ነው። ሮቤ ያለ አንድ አልጋ ሠሪ ደግሞ ጣውላ ሳይገዛ ቀብድ ስለሚቀበል የእሱ ብር ውጭ አድሮ አያውቅም፤ የሰው ብር ነው እሱ ቤት የሚያድረው።

«አንተማ ጉልበትህ እስከቻለ ድረስ እደግ» አልኩት።

«ጉልበቴ ነው እኮ እምቢ ያለው» አለኝ ወገቡን ይዞ።

ሰው ጣቱን እየቆጠረ ስለራሱ ሥራ የማያውቀውን ነገር ሲያገኝ የሚያሳየውን ፊት ለማየት ስል ነው በገዛ እጄ ምሳዬን እየዘለልኩ የኖርኩት። ኩራትም ይዞኝ ነበር፤ አልደብቅም። በኋላ የጎዳኝም እሱ ነው።

ወደ ሮቤ ከተዛወርኩ በኋላ ዘሀራ መጣች። ዘሀራ ጩኮ ሠሪ ናት፤ ጩኮ የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ በተነጠረ ቅቤ የሚታሽ የአገራችን ምግብ ነው፤ ለሙሽራ ቤት ይወሰዳል፣ ለመንገደኛ ስንቅ ይሆናል፣ ሩቅ ላለ ተማሪ ይላካል። እሷ በጣሳ እያሸገች ለአዲስ አበባ ሱቆች መላክ ጀምራ ነበር። ስድስት ሴቶች አብረዋት ይሠራሉ። ያኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ፈጣን፣ ሳቂታ፣ ቁጥር ሲጠራ ዓይኗን የምትጨፍን። የሥራ ቦታዋ በኪራይ ነው። በስሟ ያለ ንብረት አንድ ብቻ ነበር፤ የተወለደችበት፣ አባቷ የተዉላት የጎባ ቤት።

«አዴ ታደለች፣ ብድር ልጠይቅ አልመጣሁም፤ ይወቁልኝ» አለችኝ ገና ከመቀመጧ፤ «አዴ» እኛ ዘንድ ለታላቅ ሴት የሚባል የአክብሮት መጠሪያ ነው። «የአዲስ አበባ ሱቆች ጨምሪ፣ ጨምሪ ብለውኛል። ወለድ ያለበት ገንዘብ ጩኮዬ ውስጥ አይገባም። ከጎደለብኝ የምሸጠው የአባቴን ቤት ነው። እሱን ሳልነካ ምን ያህል ትእዛዝ ልቀበል? ይህን ብቻ ይንገሩኝ።»

እንዲህ ያለ ጥያቄ በሕልሜም ተጠይቄ አላውቅም። እርሳሴን ቀረጽኩ። ዋናው ወጪዋ ቅቤ ነው፤ ቅቤው የሚመጣው ከሪራ፣ ከሳነቴ ተራራ ማዶ ካሉት ከብት አርቢዎች ነው።

«ቅቤውን መቼ ነው የምትገዢው?»

«ከሪራ ሲመጣልኝ።»

«ብሩስ የሚወጣው መቼ ነው?»

«ያው ቅቤው ሲመጣ ተመዝኖ እንተሳሰባለን።»

ጻፍኩ። ቅቤው ተነጥሮ፣ ጩኮው ታሽቶ፣ ታሽጎ አዲስ አበባ እስኪገባ አንድ ወር፤ ሱቆቹ እስኪከፍሉ አንድ ወር ተኩል። ሰባ አምስት ሌሊት። በአንድ ዙር አንድ ስምንተኛ ይተርፋታል፤ ዙሩ በዓመት ወደ አምስት ጊዜ ይመላለሳል። ወረቀቱን አዙሬ አሳየኋት። «በዓመት ከመቶ ስልሳ ልታድጊ ትችያለሽ። የማንም ብር አያስፈልግሽም፤ ቤትሽም አይነካም» አልኳት። ተነሥታ አቀፈችኝ።

ሪራ አልሄድኩም። ሐምሌ ነበር፤ ሳነቴ ላይ ጉሙ መንገድ አያሳይም፣ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ የሩብ ዓመት ሪፖርትም ነበረብኝ። ሰበብ ሞልቷል። እውነቱ ግን ሂሳቡ በጣም አምሮብኝ ስለነበር እግሬን ማንሳት አልፈለግኩም።

ዘሀራ ትእዛዙን ተቀበለች፤ ሰፋ ያለ ቤት ተከራየች፣ አራት ሴቶች ጨመረች፣ ስሟ የታተመበት ጣሳ አሠራች። ግንቦት ላይ ብቅ ስል ጣሳዎቹ ባዶ ተደርድረው ሴቶቹ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል።

«ቅቤው የታለ?» አልኩ።

«የሪራ ሰዎች ለጊኒር ነጋዴ ሰጡት።»

«ለምን? የቆየሽ ደንበኛቸው አይደለሽም?»

«ዘንድሮ የጨው አልሰጠኋቸውማ።»

«የምን ጨው?»

የቀለድኩባት መስሏት አየችኝ። «የጨው ነዋ! በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ለከብቶቻቸው ጨው፣ ለእነሱም እህል መግዣ የምንሰጣቸው። ዘንቦ ላሞቹ ሲታለቡ በቅቤ ይመልሳሉ። ሁልጊዜ ለሃያ ሁለት ቤት ነበር የምሰጠው። ዘንድሮ ታኅሣሥ ላይ ብሬ ሁሉ አዲስ አበባ ሱቆች ዘንድ ነበር፤ ለዘጠኝ ቤት ብቻ ደረሰልኝ። የቀሩትን ጊኒሮች ደረሱላቸው። ምን ያድርጉ፣ ከብት ጨው ይፈልጋል።»

«ታዲያ ያኔ ስጠይቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እርስዎ የጠየቁኝ ስለ ግዢ ነዋ» አለች። «የጨው እኮ ግዢ አይደለም። ዝምድና ነው።»

እዚያው ባዶ ጣሳ ላይ ተቀመጥኩ። የሚያሳፍረው ነገሩን አለማወቄ አይደለም፤ ማወቄ ነው። እናቴ በየዓመቱ በበጋ ለአንድ የላይ አገር ቤተሰብ የጨው ትሰጥ ነበር፤ ያደግኩት በዚያ ቅቤ ነው። የሐጂ ቃሲም ምሰሶዎች ላይ ታኅሣሥና ጥር የሚገባው ጭነት መስመሩ ሳይበዛ ይጠፋ ነበር፤ የጎባ ሴቶች ጨው እያሸከሙ ሲወጡም አይቻለሁ። ወዴት እንደሚሄድ ግን ጠይቄ አላውቅም፤ ሁላችንም የምናደርገውን ማን ይጠይቃል? የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል። አገር ምድሩን ስንት ቀን፣ ስንት ቀን እያልኩ ያሰለቸሁ ሴት የገዛ ቤቴን ቅቤ ቀን ሳልቆጥር ቀረሁ።

ሂሳቡን ጉልበቴ ላይ እንደገና ሠራሁት። የቅቤው ብር የሚወጣው ቅቤው ሲመጣ ሳይሆን ከዚያ ከመቶ ሌሊት በላይ ቀድሞ ነው። ሰባ አምስት ያልኩት ለቅቤው መቶ ሰማንያ ሆነ። ልታድግ ትችል የነበረው ከመቶ ሠላሳ ነው። እጥፉን ነግሬያታለሁ።

ዘሀራ ለሱቆቹ ቃል ሰጥታለች፤ ቃሏን አላጠፈችም። ከገበያ በውድ ዋጋ ቅቤ ገዝታ፣ በኪሳራ እየሸጠች ትእዛዙን አደረሰች። ለዚያ ስትል ሰኔ ላይ የአባቷን ቤት ሸጠች። ቁልፉን ያስረከበች ዕለት አብሬያት መሄድ ሲገባኝ ስብሰባ አለኝ አልኩ። ስብሰባ አልነበረም።

ከዚያ የባሰውን ልናገር። በእኔ ምክር ከሰረች የሚል ወሬ ደርሶት መሥሪያ ቤቱ ስለ ጉዳዩ ሪፖርት ጠየቀኝ። «ደንበኛዋ የተሟላ መረጃ ባለመስጠቷ ምክንያት ስሌቱ ሊዛባ ችሏል» ብዬ ጻፍኩ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ። ወረቀቱ ጥሩ ተጽፏል ተባለና ጎባ በተደረገ ሥልጠና ላይ ለማስተማሪያ ተነበበ። ስሟን አልጠራሁም። ጩኮ በጣሳ ለአዲስ አበባ የምትልክ ሴት ግን ስንት ናት?

ለሐጂ ቃሲም ነገርኳቸው። ዓይናቸው ደክሞ መስመሮቹን ፊታቸውን አስጠግተው ይቆጥሩ ነበር።

«ሪራ ሄደሽ ነበር?» አሉኝ።

«አልሄድኩም።»

«ታዲያ የማንን ሌሊት ቆጠርሽ?»

ስለ ሪፖርቱ አልነገርኳቸውም፤ እንደማልነግራቸው ሳውቅ ነው ምን እንደሠራሁ በደንብ የገባኝ። በዓመቱ ሞቱ። ልጆቻቸው የመጨረሻው ጭነት እስኪሸጥ ድረስ በየማለዳው ከሰሉን ያነሡ እንደነበር ሰምቻለሁ።

ቤቱ ከተሸጠ በኋላ በመጣው በጋ ከዘሀራ ጋር ሪራ ሄድኩ። በእርግጥ ደፍሬ የጠየቅኳት እኔ አይደለሁም፤ እሷ ናት «ሂሳቡን ከሥሩ እንሥራው፣ ይምጡ» ያለችኝ። ከጎባ በጭነት መኪና ሳነቴን ወጥተን ወደ ጫካው ቁልቁል ወረድን። አዴ ሀዋ የሚባሉ ሴት ቤት አረፍን፤ የዘሀራ ቅቤ የሚመጣው መጀመሪያ ከእሳቸው ነው።

«አካም ጅርቱ?» ብለው እጄን ያዙ። ሰላምታው ረጅም ነበር፤ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እናቴ ነፍስ ተጠያየቅን። ከዚያ አላስቻለኝም፤ የጨው የሚወስዱት በየትኛው ቀን እንደሆነ ጠየቅኩ።

ሳቁ። «ቀን የለውም ልጄ። ላሟ ድንጋይ መላስ ስትጀምር ነው።»

ላሟ ድንጋይ መላስ የምትጀምረው መቼ ነው፣ ስንተኛው ላም፣ ከማለቢያው በፊት ስንት ጨረቃ? ሁለት ቀን ሙሉ እየዞርኩ ስጠይቅ ሳላስበው እንደ ልጅ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዘሀራን ባየሁ ቁጥር ደግሞ ደስታዬን እየዋጥኩ አፍር ነበር። ሃያ ሁለቱን ቤት ሁሉ አየሁ። በስንቱ ቤት ስንት ላም እንዳለ፣ የማን ቅቤ ቀድሞ እንደሚደርስ፣ ማን ለሠርግ ሲል እንደሚያዘገይ ጻፍኩ።

ስንመለስ ሳነቴ ላይ መኪናው ሞተሩን ለማቀዝቀዝ ቆመ። ዘሀራ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ «የሰው ብር ሳልነካ የአባቴን ቤት ለመመለስ ስንት ዓመት ይፈጅብኛል?» አለችኝ።

ሮቤ ገብቼ ሦስት ቀን ሠራሁት። የዙሩን ሌሊት ማሳጠር ነበረብን። በአርባ አምስት ቀን የሚከፍሉትን ሱቆች ቀንሳ ለሠርግ ቤቶች መሥራት ጀመረች፤ የሙሽራው ወገን ገና ቀን ሲቆርጥ ቀብድ ይከፍላል። ታኅሣሥ ላይ የሚወጣውን የጨው ብር ግን አልነካነውም፤ ከሁሉ በፊት የሚቀመጠው እሱ ሆነ። ከሚተርፈው ሁለት እጁ ለሥራው፣ አንድ እጁ ለቤቱ። የቤቱንም ዋጋ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ የጎባ ደላሎችን እየጠየቅኩ እጨምር ነበር፤ ቤት ቁጭ ብሎ ነው የሚያድገው፣ ጨው አይጠይቅም። «ዘጠኝ ዓመት» አልኳት። ስልሳ ከመቶ ስላት እንደተነሣችው አልተነሣችም። «እሺ» ብቻ አለች።

አሥር ዓመት ፈጀ። በመካከሉ ዝናብ የቀረበት ዓመት ነበር፤ ያኔ የጨው ሁለት ጊዜ ሰጠች። በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ ወረቀታችንን ዘርግተን እንቀመጣለን፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ እኔ አነባለሁ። ስለ ዝናብ፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ቅቤ ዋጋ ያልተነጋገርነው የለም። ስለዚያ ሪፖርት ግን አንድም ቀን ትንፍሽ አላልኩም። ልናገር ያልኩበት ቀን አለ፤ ወረቀቱን ከከፈትኩ በኋላ ቁጥር መጥራት ይቀለኛል።

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት ደወለችልኝ። «አዴ ታደለች፣ ነገ ጎባ እንሂድ።» ከሮቤ በሚኒባስ ስንሄድ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛ ነበር። ከቤቱ በር ስንደርስ ቁልፉን አወጣች። ገዝታዋለች፤ ያለ ብድር፣ ያለ ወለድ፣ በጩኮ።

እልል ልል አፌን ስከፍት እጇን ክንዴ ላይ አሳረፈች።

«ከመግባታችን በፊት» አለች። «ያን ሪፖርት አውቀዋለሁ። ሥልጠናው ላይ የአክስቴ ልጅ ነበረች።»

«አሥር ዓመት ሙሉ ምንም አላልሽኝም።»

«እርስዎስ?» አለች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ በወደድኩ። «እኔ ጥፋቱን ለሁለት ከፍዬው ነበር። የጨውን ሳልነግርዎ መቅረቴ የእኔ ድርሻ ነው፤ እሱን ይህን ቤት ሸጬ ከፈልኩ። የእርስዎ ድርሻ ግን እስከ ዛሬ እኔው ዘንድ ነው ያለው። ወላሂ፣ አባቴ ቤት ይዤው መግባት አልፈልግም።»

መንገድ ላይ ሰው ያልፋል፤ ሰላም ይሉናል። በሃያ ዘጠኝ ዓመት ስንት ሰው ፊት ቆሜ ስንት ነገር አስረድቻለሁ፤ ያን ቀን ግን የምጠራው ቁጥር አልያዝኩም።

«ሪራ መሄድ ነበረብኝ» አልኳት። «አልሄድኩም። ቤትሽን ያሸጠሽ የእኔ ሂሳብ ነው። ከዚያ ራሴን ለማዳን ብዬ በአንቺ ላይ ጻፍኩብሽ። ውሸት ነው የጻፍኩት። ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ፣ ይቅር በይኝ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ፤ ቁልፉንም አዞረችው። በሩ ተከፍቶ ሲቆም ወደ ጎን ፈቀቅ ብላ አስቀደመችኝ።

«በቀኝ እግርዎ ይግቡ» አለችኝ።